አይሮፕላኑ ይለወጣል፤ ሰውና ሜዳው ይቀራሉ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከጨንቻ ደጋ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ፥ ሁለቱን ሐይቆች ባንድ ጊዜ የሚያይበት ቦታ አለ። አንደኛው ዐባያ ነው፤ ውሃው ቀላ ይላል። ሁለተኛው ጫሞ ነው፤ ውሃው ወደ ሰማያዊነት ያዘነብላል። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው የመሬት ጀርባ ተጋድሟል። በዐባያ በኩል ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ የአርባ ምንጭ አይሮፕላን ማረፊያ ተዘርግቶ ይታያል።

ከዚህ ማረፊያ ከ2003 ዓ. ም. መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል በውስጣቸው ሰው የሌለባቸው አይሮፕላኖች ይነሡ ነበር። አይሮፕላኖቹ የኢትዮጵያ አልነበሩም፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ንብረት ነበሩ። ይህ ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ግን ከአርባ ምንጭ ጥቂት ራቅ ብለን፥ የራሳችን የሚበር ጦር ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ ምን ምን ዐይነት አይሮፕላን እንደ ለዋወጠ፥ ከማንስ እንደ ተቀበለና ስንት ዋጋ እንደ ከፈለ መመልከት ያስፈልጋል። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ በመጀመሪያ ወደ ቢሾፍቱ እወስዳችኋለሁ፤ በመጨረሻም ወደ አርባ ምንጭ እመልሳችኋለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምናገረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስኳድሮን የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። ስኳድሮን ባንድ አዛዥ ሥር የሚተዳደር፥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይነት አይሮፕላን የሚያበር የአየር ጦር ክፍል ነው። ሕዝብ በበዓል ቀን ቀና ብሎ የሚያየው አይሮፕላኑን ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ አይሮፕላን አንድ ሰዓት እንዲበር መካኒኩ፥ የጦር መሣሪያ ሠራተኛው፥ የሬዲዮ ባለሙያው፥ የነዳጅ ቀጂውና የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊው ለብዙ ሰዓት መድከም አለባቸው። የዶርዜ ሸማኔ ድሩ ሲያልቅ ሌላ ድር ይዘረጋል፤ የሠራው ሸማ ተቈርጦ ይሸጣል፤ ጥበቡ ግን በእጁ ይቀራል። ስኳድሮንም እንደዚሁ ነው። አይሮፕላኑ ሸማው ነው፤ ስኳድሮኑ ግን እጁ ነው።

የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ. ም. ነበር። ይኸውም ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ ያመጣው ፖቴዝ 25 ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዩንከርስ የሚባል የጀርመን አይሮፕላን ተከተለው። ንጉሥ ተፈሪ መኰንን አዲሱን መሣሪያ ወደ ሥራ ለማግባት ብዙ አልቈዩም፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ. ም. ከራስ ጉግሣ ወሌ ጋራ በአንቺም በተደረገው ጦርነት አይሮፕላን በሰማይ ታየ። አስቀድሞ የአዋጅ ወረቀት በተነ፤ ኋላም ቦምብ ጣለ። እንግዲህ የኢትዮጵያ አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ቦምብ የጣለው በውጭ ጠላት ላይ ሳይሆን በወገን ላይ መሆኑን ልብ እንበል፤ ይህ ነገር ወደ ኋላ ይመለስብናል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የማብረር ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ጣሊያን በ1928 ዓ. ም. በወረረን ጊዜ ግን አገሪቱ የነበሯት አይሮፕላኖች ከአንድ ደርዘን ብዙም የሚበልጡ አልነበሩም፤ እነርሱም መልእክትና መድኃኒት ከማመላለስ በቀር ለውጊያ የሚሆኑ አልነበሩም። ጠላት በመቶ የሚቈጠሩ አይሮፕላኖች አሰልፎ የመርዝ ጢስ ሲያዘንብ፥ ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን እነዚህን ጥቂት አይሮፕላኖች እየመራ በግንባርና በአዲስ አበባ መካከል ይመላለስ ነበር። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ደግሞ በቀይ መስቀል አይሮፕላን ቍስለኛ ያነሣ ነበር። የእነዚህን ሁለት ሰዎች ስም ያዙልኝ።

በዚያው ዘመን ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ ሆኖ በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ ነበር፤ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያኖች ማርከው ወሰዷት፤ ብዙ ዘመንም በአየር ኃይላቸው ሙዚየም ቆመች። ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ. ም. ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመት ያህል ያለፋት ይህች አይሮፕላን፥ አገር ውስጥ መሥራት እንደሚቻል የምትመሰክር ብትሆንም፥ ተከታይ ሳታገኝ ኖረች።

ከድል በኋላ ሮቢንሰን ተመልሶ መጣ፤ በ1936 ዓ. ም. ገደማም በልደታ ሜዳ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። የልደታው ትምህርት ቤት ያለው መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሆኖም የዘመናዊው አየር ኃይል ዘር የተዘራው በዚያ ነው። ሮቢንሰን በ1946 ዓ. ም. ለሕመምተኛ የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበር በደረሰበት አደጋ ሞተ፤ የተቀበረውም በአዲስ አበባ ነው።

ከ1938 ዓ. ም. ወዲህ ሥራው ወደ ስዊድኖች ተላለፈ። ፎን ሮዘን ተመልሶ መጥቶ እስከ 1948 ዓ. ም. ድረስ የአየር ኃይሉን መሠረት ጣለ። ኋላ ደብረ ዘይት ተብላ፥ ዛሬ ደግሞ በቀድሞ ስሟ በምትጠራው በቢሾፍቱ የአየር ምድብ ተቋቋመ። ለመለማመጃ ሳፊር፥ ለውጊያ ደግሞ ሳብ 17 ከስዊድን መጡ። ሳብ 17 በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር ጥቂት በላይ የሚበር፥ ባለ አንድ ሞተር ቦምብ ጣይ ነበር። ስዊድን ከገዛ ጦሯ ያወጣችው አይሮፕላን ቢሆንም፥ በኢትዮጵያውያን መካኒኮች እጅ ሃያ ዓመት ያህል አገልግሏል። ከእንግሊዝም ፋየርፍላይ የሚባሉ፥ መጀመሪያ ከመርከብ ላይ እንዲነሡ የተሠሩ አይሮፕላኖች ተጨመሩ። ባሕር አይተው የማያውቁ መካኒኮች በ1,900 ሜትር ከፍታ ላይ የባሕር ኃይል አይሮፕላን ሲጠግኑ ማየት የሚያስደንቅ ነበር። አየሩ በሚሳሳበት ደጋ ሞተሩ ይደክማል፤ ክንፉም መሬት ለመልቀቅ ረዥም ሩጫ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በየቀኑ ማወቅና ማስላት የአዲሱ ሙያ ፊደል ነበር።

በ1945 ዓ. ም. ከአሜሪካ ጋራ የመከላከያ ስምምነት ከተደረገ በኋላ የስኳድሮኖቹ መልክ እንደ ገና ተለወጠ። ቲ-28ና ቲ-33 ለማሠልጠኛ፥ ኤፍ-86 ሴበር ለውጊያ መጡ። ሴበር በሰዓት 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር ጄት ነው። በ1954 ዓ. ም. አራት የኢትዮጵያ ሴበሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ወደ ኮንጎ ዘመቱ፤ በዚያም ከስዊድን ጄቶች ጋራ ባንድ ወገን ተሰለፉ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ተማሪና አስተማሪ የነበሩት ሁለት አገሮች በሦስተኛ አገር ሰማይ ላይ ጓደኛሞች ሆነው ተገኙ። ከዚያ በ1958 ዓ. ም. ኤፍ-5፥ በ1960 ዓ. ም. አራት የእንግሊዝ ካንቤራ ቦምብ ጣዮች፥ በ1960ዎቹ ማብቂያ ደግሞ የተሻሻለው ኤፍ-5ኢ መጡ።

አድማጮቼ፤ ስኳድሮን ሸማው ሳይሆን እጁ ነው ያልሁት ነገር እውነት መሆኑ የታየው በ1969 ዓ. ም. ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወዳጅነት ተበጠሰ። በሚያዝያ ወር በኢትዮጵያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደራዊ መሥሪያ ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ታዝዘው የነበሩ መሣሪያዎችም ሳይመጡ ቀሩ፤ የመለዋወጫ ዕቃ በሩ ተዘጋ። በሐምሌ ወር የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ሐምሌ 6 ቀን ጎዴ ላይ በተደረገው ጥቃት ለችግረኞች እህል ያመላልስ የነበረው ፎን ሮዘን ተገደለ። ከማይጨው ዘመን ጀምሮ የዚህችን አገር ሰማይ ያገለገለው ሰው ሞቱም በዚችው ምድር ሆነ።

ሶማሊያ ከሶቪየት ኅብረት ያገኘቻቸው ሚግ-21ና ሚግ-17 ነበሯት። በወረቀት ላይ ሲታይ ሚግ-21 ከኤፍ-5ኢ ይፈጥናል፤ አንደኛው በሰዓት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ፥ ሁለተኛው ከ1,600 በላይ ይበራል። ነገር ግን ድሬዳዋና ሐረር በተከበቡባቸው ወራት የሰማዩ የበላይነት ለኢትዮጵያ ሆነ። ምክንያቱ ለብዙ ዓመት የተገነባ ሥልጠና ነው፤ አብራሪው መሣሪያውን እስከ ዳርቻው ያውቀው ነበር፤ መካኒኩም ከቆመ አይሮፕላን ዕቃ እየፈታ ለሚበረው ይገጥም ነበር። በዚያ ጦርነት ስማቸው ከተነሣው አንዱ ለገሠ ተፈራ የጠላት ሚጎችን ከጣለ በኋላ እርሱም ተመትቶ ወደቀ፤ በሶማሊያ እስር ቤትም አሥራ አንድ ዓመት ያህል ቈይቶ በ1980 ዓ. ም. ተፈታ። ከዘለለው ይልቅ የቈየው ይበልጣል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ጦርነቱ ሳያልቅ በ1970 ዓ. ም. የሶቪየት ኅብረት የጦር መሣሪያ በአየር ይጓጓዝ ጀመር፤ ሚግ-21፥ ቀጥሎም ሚግ-23 ወደ ቢሾፍቱ ገቡ። አሁን የተለወጠው የአይሮፕላኑ ዐይነት ብቻ አልነበረም። ከፍታን በጫማ ሲያነብ የኖረ አብራሪ በሜትር ማንበብ ነበረበት፤ መጽሐፉ ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ተለወጠ፤ የመካኒኩ መፍቻ እንኳ ከኢንች ወደ ሚሊሜትር ዞረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአድማስ ማሳያው መሣሪያ ነው። በአሜሪካኑ መሣሪያ ላይ አይሮፕላኑ ሲያዘነብል የሚዘመው የአድማሱ መስመር ነው፤ በሩሲያው ግን የሚዘመው የአይሮፕላኑ ሥዕል ነው። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ ምድርንና ሰማይን የሚለየው በዚህች ትንሽ መስኮት ስለ ሆነ፥ የቀድሞው ልማዱ ለአንዲት ቅጽበት ቢያታልለው ግራውን ከቀኙ ሊያምታታ ይችላል። እንግዲህ መንግሥት ወዳጁን ሲለውጥ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ብቻ የሚለወጥ ይመስለናል፤ ነገር ግን ለውጡ እስከ አብራሪው ዐይን ድረስ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው መራራ ነው፤ ቢሆንም ሊታለፍ አይገባውም። ሚጎቹ በሰሜኑ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ዋሉ። ረቡዕ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ. ም. በትግራይ ሐውዜን ገበያ ላይ በወረደው የአየር ድብደባ ከሺህ በላይ ገበያተኛ አለቀ። አንቺም ላይ የተጀመረው ነገር በሐውዜን ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እጅግ ከፍቶ ተመለሰ። ስኳድሮን የሠለጠነ እጅ ነው ስንል፥ እጁ ለማን እንደሚታዘዝ መጠየቅም ግዴታ ነው፤ ጥበብ ያለ ፍርድ ለባለቤቱም አይበጅምና። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ. ም. በተሞከረው የመንግሥት ግልበጣ የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ዐምሐ ደስታ ሞቱ፤ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ፋንታ በላይም ተይዘው ኋላ ሕይወታቸውን ዐጡ። በ1983 ዓ. ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ከፊሉ አብራሪ አይሮፕላኑን ይዞ ወደ ጎረቤት አገር ሸሸ፤ ሌላው ተበተነ፤ ብዙውም ታሰረ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። አንድ ተዋጊ አብራሪ በቅጡ ለመብሰል ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ አንድ ዋና መካኒክም እንዲሁ። በ1983 ዓ. ም. የተበተነው ከአርባ ዓመት በላይ የተከማቸ ዕውቀት ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1990 ዓ. ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከተበተኑት ብዙዎቹ ተፈልገው ተጠሩ። ከነዚያ የቀድሞ አብራሪዎች አንዱ የሆነው በዛብህ ጴጥሮስ ያን ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ተማረከ። በ1991 ዓ. ም. ሱ-27 የሚባለው የሩሲያ ተዋጊ መጣ፤ በየካቲት ወርም ከኤርትራ ሚግ-29ዎች ጋራ ተዋግቶ አሸነፈ። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ ሱ-30 ተጨመረ። ከ2013 ዓ. ም. ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት ሰው አልባ አይሮፕላኖች ከብዙ አገር ተገዝተው ዋሉ፤ በእነርሱም ሰላማዊ ሰዎች ጭምር ሞተዋል።

አሁን ወደ አርባ ምንጭ እንመለስ።

በጥቅምት 2004 ዓ. ም. በዋሽንግተን የሚታተም አንድ ጋዜጣ እንደ ገለጸውና የአሜሪካ አየር ኃይልም እንዳመነው፥ በአርባ ምንጭ አይሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በብዙ ሚሊዮን ዶላር አነስተኛ ሰፈር ተሠርቶ ነበር። ከዚያ የሚነሣው ሪፐር የተባለው አይሮፕላን ነው፤ ስሙ «ዐጫጅ» ማለት ይሆናል። ከእርሱ በፊት የነበረው ፕሬዴተር 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበረው፤ የሪፐር ሞተር ግን 900 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክንፉም ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሜትር ያህል ነው። በአርባ ምንጭ የነበሩት መሣሪያ ያልታጠቁ፥ ወደ ሶማሊያ እየተጓዙ አልሸባብን የሚሰልሉ እንደ ነበሩ ባለቤቶቹ ተናግረዋል።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከሳብ 17 እስከ ሱ-27 ድረስ አዲሶቹ ተዋጊ አይሮፕላኖች በአብዛኛው ከፊተኞቹ ይልቅ ፈጣን ነበሩ። ሪፐር ግን በተራ ጕዞው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚበር፥ ከዚያ አሮጌ የስዊድን ቦምብ ጣይ እንኳ ያዘግማል። ኃይሉ በፍጥነቱ አይደለም፤ ከሃያ ሰዓት በላይ ሳይወርድ በሰማይ ተንጠልጥሎ መመልከት በመቻሉ ነው። አሠራሩም እንደዚህ ነው፤ በማረፊያው ያሉ ጥቂት ሰዎች በቅርብ ሬዲዮ አስነሥተው ከፍ ካደረጉት በኋላ፥ መሪው በሳተላይት አማካይነት በባሕር ማዶ ለተቀመጠ አብራሪ ይተላለፋል። በሳተላይት የሚሄደው ትእዛዝ ጥቂት ስለሚዘገይ፥ ሲያርፍ ደግሞ መሪውን የሚቀበሉት በቦታው ያሉት ናቸው። አብራሪው የጋሞን ተራራ በመስተዋት ያየዋል እንጂ ብርዱ አይነካውም፤ ማታም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጎረቤታችን ጅቡቲም እንዲህ ያለውን ጓድ አስተናግዳለች። በዚያ አይሮፕላኖቹ በተደጋጋሚ በመውደቃቸው፥ በ2006 ዓ. ም. መግቢያ ገደማ ከከተማው ማረፊያ ወጥተው ሻበሌ ወደሚባለው ገለልተኛ ሜዳ ተዛወሩ። ከአርባ ምንጭ ግን ፈጽመው ሄዱ፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ. ም. የአሜሪካ ባለሥልጣኖች ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ሥራው መቆሙን ገለጹ። ሜዳው ቀረ። በዚያው ሜዳ ሻጭና ነጋዴ፥ ተማሪና ሐኪም የሚያመላልሰው የመንገደኞች አይሮፕላን ሥራውን ቀጠለ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ይታወሰኛል። ከስዊድን፥ ከአሜሪካ፥ ከሶቪየት የመጡት አይሮፕላኖችም የውጭ አገር ሥራ ነበሩ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በኢትዮጵያውያን እጅ ገብተው፥ የሚያበራቸውና የሚጠግናቸው ሰው አትርፈው አረጁ። በአርባ ምንጭ የነበረው ጓድ ግን አብራሪውም፥ መሣሪያውም፥ የሚመለከተው ሥዕልም የሌላ ነበር፤ የእኛ የነበረው መሬቱና ስሙ ብቻ ነው። ጠቃሚ ስምምነት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ፖለቲከኞች ይከራከሩበት። እኔ የምለው ግን ይህ ነው፤ ከአገር ሜዳ ላይ የሚነሣውን ነገር የአገሩ ሰው ከባዕድ ጋዜጣ ቀድሞ ከራሱ መንግሥት ሊሰማ ይገባው ነበር።

በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ አድማጮቼ፤ ይህ ታሪክ የወታደር ብቻ አይምሰላችሁ። ውል የሚያረቅቅ፥ የመለዋወጫ ዕቃ ዝርዝር የሚያጣራ፥ የሠራተኛ መዝገብ የሚጠብቅ፥ ርክክብ የሚፈርም እያንዳንዱ ሰው በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። አይሮፕላን ሲገዛ የሥልጠናውና የመለዋወጫው ነገር በውሉ ውስጥ ካልገባ፥ የተገዛው ሐውልት ነው። መንግሥት ሲለወጥ የሠለጠነው ሰው ከወደቀው መንግሥት ጋራ አብሮ ከተጣለ ደግሞ፥ ዕውቀቱን ለሁለተኛ ጊዜ በደምና በወርቅ መግዛት ይመጣል። በ1983 ዓ. ም. በትነን በ1990 ዓ. ም. የፈለግነው የራሳችንን ሰው ነበር።

የጋሞ ሽማግሌዎች ጠብ በተነሣ ጊዜ እርጥብ ሣር ይዘው በመካከል በመቆም የታወቁ ናቸው። ሣሩ ቀላል ነው፤ ክብደቱ በያዘው ሰው ላይ ነው። የጦር መሣሪያም፥ ከፖቴዝ እስከ ሪፐር፥ እንደዚሁ ሚዛኑ በያዘው ሰው ላይ ነው። አይሮፕላን ያረጃል፤ ወዳጅ አገር ይለወጣል፤ ሜዳው ግን ይቀራል፤ በሜዳው ላይ የምናቆመው ሰውም እኛ ከጠበቅነው ይቀራል።